ዋፖር 3፦ ከሳተላይት የሚወጣው የማሳ ውሃ ሒሳብ ምን ያህል ያስተማምናል?

ግድብ ምን ያህል ውሃ እንደለቀቀ ይታወቃል፤ ዋናው ቦይ የተሸከመውም በመለኪያ ተነቦ ይመዘገባል። ከዚያ ውስጥ ሰብሉ ስንቱን በቅጠሉ በኩል እንዳወጣ፣ ስንቱ ደግሞ ከእርጥብ አፈር ላይ እንዲሁ እንደተነነ ሲጠየቅ ግን የአብዛኛው መስኖ መዝገብ ባዶ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት፣ ፋኦ፣ ዋፖር የተባለውን አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2017 የከፈተው ይህን ባዶ ቦታ ለመሙላት ነው። ገንዘቡ ከኔዘርላንድ መንግሥት ነው፤ በዴልፍት ያለው የውሃ ትምህርት ተቋም አይኤችኢ እና ዓለም አቀፉ የውሃ አስተዳደር ኢንስቲትዩት በሥራው ተባባሪዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ሦስተኛው ስሪት ከ2018 ጀምሮ ያለውን መረጃ በነጻ ይሰጣል። እዚህ የምንገመግመው ይህንን ሦስተኛ ስሪት ነው፤ የምናየውም አገር ቤት መስኖ በሚያስተዳድር ሰው ዓይን ሲሆን ዋና ምሳሌያችን በአማራ ክልል መርዓዊ ከተማ አጠገብ ያለው የኮጋ መስኖ ነው።

ፍርዱን እናስቀድም። የአንድን መስኖ የወቅት ድምር ለማውጣት፣ ብሎክን (የመስኖውን አንድ ክፍል) ከብሎክ፣ ዓመትን ከዓመት ለማወዳደር ዋፖር 3 በነጻ ከሚገኙት ሁሉ የምንመርጠው ነው። «ነገ ለዚህ ገበሬ ውሃ ልልቀቅ ወይስ ልተው?» ለሚል ጥያቄ ግን አይሆንም፤ በሩብ ሄክታር ማሳ ላይ የሚያሳየው ልዩነትም እንደሚመስለው ጥርት ያለ አይደለም። ሁለቱም የሚመነጩት ከአሠራሩ ስለሆነ ከዚያው እንጀምር።

ሳተላይት የሚተነውን ውሃ አያይም። የሚያየው የመሬቱን ሙቀት፣ ቀለምና አረንጓዴነት ነው። ውሃ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል፤ እርጥብ እንስራ ውስጥ ያለ ውሃ የሚቀዘቅዘው በዚህ ምክንያት ነው፤ ውሃ ያገኘ ስንዴም እኩለ ቀን ላይ ከአጠገቡ ካለው ደረቅ ገለባ መሬት በብዙ ዲግሪ ይቀዘቅዛል። አንድ ሚሊ ሜትር ውሃ ከአንድ ካሬ ሜትር ላይ ለማትነን 2.45 ሜጋ ጁል ኃይል ይጠይቃል። ስለዚህ ወደ መሬቱ የገባው የፀሐይ ኃይል ከታወቀ፣ አፈርንና አየርን ለማሞቅ የዋለው ከተቀነሰ፣ የቀረው ለትነት የዋለ ነው። ይህ ስሌት ኢቫፖትራንስፒሬሽንን፣ በመስኖ ሰዎች አጠራር ኢቲን፣ ከሳተላይት ለማውጣት የሚሞክሩ የብዙ ዘዴዎች መነሻ ነው።

ዋፖር የሚጠቀምበት ኢቲሉክ የተባለ ሞዴል የቀሪ ስሌቱን በቀጥታ አይከተልም። ትነትን ከፀሐይ ኃይልና ከአየር ጠባይ የሚያወጣውን የፔንማን–ሞንቲዝን ቀመር ሁለት ጊዜ ያሰላል፤ አንዴ ለአፈሩ፣ አንዴ ለቅጠሉ። የገጹ ሙቀትና የአረንጓዴነት መለኪያው ተደምረው በሥሩ ዙሪያ ያለውን የአፈር እርጥበት ይገምታሉ፤ እርጥበቱ ሲያንስ ቀመሩ ትነቱን ይገታል። በዚህም ምክንያት ዋፖር ሦስት ነገር ለየብቻ ይሰጣል፦ ከአፈር የተነነውን፣ በቅጠል የወጣውን፣ ቅጠል ላይ አርፎ መሬት ሳይነካ የተነነውን ዝናብ። የሦስቱ ድምር ኤኢቲአይ ይባላል፤ አብዛኛው ተጠቃሚ የሚያወርደውም እሱን ነው።

መረጃው በሦስት ደረጃ ይቀርባል። የመጀመሪያው በ300 ሜትር ፒክስል (የምስል ነጥብ) ነው፤ አንዱ ፒክስል 9 ሄክታር ይሸፍናል፣ ለተፋሰስ ይበቃል። ሁለተኛው በ100 ሜትር አፍሪካንና መካከለኛው ምሥራቅን ይሸፍናል። ሦስተኛው በ20 ሜትር፣ ተለይተው ለተመረጡ መስኖዎች ብቻ ነው፤ ከኢትዮጵያ ኮጋና አዋሽ በዚህ ውስጥ አሉ። አዋሽ ሲባል መላው ተፋሰስ እንዳይመስላችሁ። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት የንብርብሩን (የመረጃ ካርታውን) ወሰን የራሳችሁ ካርታ ላይ ጣሉትና መስኖው ሙሉ በሙሉ ውስጡ መግባቱን አረጋግጡ። ከወሰኑ ውጪ የሆነ ሰው ሁለተኛውን ደረጃ ይዞ መሥራት አለበት።

20 ሜትር ሲባል ልብ ይማርካል፤ ጥንቃቄ የሚያስፈልገውም እዚሁ ላይ ነው። አረንጓዴነቱ የሚለካው በየ5 ቀኑ በሚመለሰው ሴንቲኔል–2 ሳተላይት ስለሆነ እውነትም 20 ሜትር ድረስ ያያል። ሙቀቱን የሚለካው ግን ቪርስ የተባለ መሣሪያ ነው፤ የሙቀት ፒክስሉ 375 ሜትር፣ ማለትም 14 ሄክታር ገደማ ነው። ይህ ሰፊ ፒክስል በሴንቲኔል–2 ቀለሞች እየተመራ ወደ 20 ሜትር ይከፋፈላል። አረንጓዴ የሆነው ቀዝቃዛ፣ ገላጣው ሞቃት ተብሎ ይገመታል ማለት ነው። በአብዛኛው ጊዜ ግምቱ ልክ ነው። ልክ የማይሆነው ደግሞ መስኖ አስተዳዳሪው በጣም በሚፈልገው ሰዓት ነው፦ ማሳው ገና አረንጓዴ ሆኖ ውሃ የጠማው ዕለት። የጠማው ስንዴ ቅጠሉ ቢጫ ከመሆኑ በፊት ቀናት ቀደም ብሎ ቀዳዳዎቹን ይዘጋል፤ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ቀለሙ ግን አይለወጥም። በ14 ሄክታር ውስጥ ያለው አንድ የተጠማ ማሳ ውሃ ባገኙት ጎረቤቶቹ መካከል ይዋጣል።

ስለዚህ ማሳው ትልቅና አንድ ወጥ ከሆነ፣ እንደ አዋሽ ሸለቆ የሸንኮራ አገዳ እርሻዎች፣ የጥም ምልክቱ በዋፖር ላይ በግልጽ ይነበባል። ኮጋ ላይ አንድ ቃዳ፣ ሩብ ሄክታር ገደማ፣ ይዞ የሚያርስ ገበሬ ማሳ ግን 50 ሜትር በ50 ሜትር ነው። በ20 ሜትር ፍርግርግ ላይ ሲጣል ሙሉ በሙሉ ውስጡ የሚገቡት ፒክስሎች ከ1 እስከ 4 ብቻ ናቸው፤ የቀሩት ከጎረቤት፣ ከቦይ ዳር ወይም ከድንበር ዛፍ ጋር የተቀላቀሉ ናቸው። በዚህ መጠን ለአንድ ገበሬ «አንተ ይህን ያህል ውሃ ተጠቅመሃል» ብሎ ቁጥር መስጠት ተገቢ አይደለም፤ በቁጥሩ ላይ ክፍያ ከተመሠረተ ደግሞ ፍትሕም አይሆንም። ዝቅተኛው አስተማማኝ መለኪያ በአንድ የሦስተኛ ደረጃ ቦይ (ከዋናው ቦይ ቅርንጫፎች በሦስተኛው እርከን ላይ ያለ) የሚጠጣው መሬት ነው፤ ድምሩ ብዙ ሄክታር ስለሚሆን የጠርዝ ፒክስሎች ተጽዕኖ ይቀንሳል።

ሁለተኛው ጠላት ደመና ነው። ቪርስ የሚያልፈው ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ያን ሰዓት ደጋው ላይ ደመና መከመር ይጀምራል። ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ያለው የኮጋ ዙሪያ መረጃ በአብዛኛው ከፊትና ከኋላ ካሉ ጥርት ያሉ ቀናት የተሞላ ነው። በክረምት አፈሩ ስለሚጠግብ ትነቱን የሚወስነው የውሃ እጥረት ሳይሆን የፀሐይ ኃይሉ ነው፤ ኃይሉ የሚገኘው ደግሞ ከአየር ጠባይ መረጃ በመሆኑ የክረምት ቁጥር በደፈናው ዋጋ ቢስ አይደለም፤ ማሳ ከማሳ ለማወዳደር ግን አትጠቀሙበት። የመስኖው ወቅት፣ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ፣ ሰማዩ ጠርቶ የሚውልበት ጊዜ ስለሆነ ለእኛ ይመቻል።

ዋፖር የጥራት ንብርብርም አለው፤ ብዙ ሰው አያወርደውም። በየፒክስሉ ያለው ቁጥር በቅርብ የተገኘው ጥርት ያለ ምልከታ በስንት ቀን እንደሚርቅ ይናገራል። ዋፖር መረጃውን በአሥር በአሥር ቀን ከፍሎ ስለሚሰጥ፣ ቁጥሩ ከ10 በታች ሲሆን መረጃው የራሱ የአሥር ቀን ክፍል ነው ማለት ይቻላል፤ 20 ወይም 30 ሲሆን ግን የምታዩት የተሞላ መስመር ነው። ከኤኢቲአይ ጋር አብራችሁ አውርዱት፤ ከወቅቱ ክፍሎች ከሦስት አንዱ የተሞላ ከሆነ በሪፖርታችሁ ላይ ጻፉት።

ማውረድና አሃድ

ከፖርታሉ ላይ ነጥብ ተጭኖ የጊዜ መስመር ማየት፣ ወሰን ሥሎ አማካይ ማውጣት ይቻላል። ይህ ለፈጣን ቅኝት ይበቃል። ለትክክለኛ ሥራ ግን ራስተሩን (የፒክስሎቹን ፋይል) አውርዶ በኪውጂአይኤስ የካርታ ሶፍትዌር ወይም በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ መሥራት ይሻላል። የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ፋይሎች ግዙፍ ናቸው፤ በእኛ ኢንተርኔት ሙሉውን አህጉር አውርዶ ኮጋን መቁረጥ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው። ፋይሎቹ ከሩቅ ሆኖ በከፊል እንዲነበቡ ተደርገው የተዘጋጁ ናቸው። ጂዳል የተባለው የካርታ ፋይል ማንበቢያ መሣሪያ የፋይሉን የድር አድራሻ ተቀብሎ የወሰናችሁትን ማዕዘን ብቻ ይዞ መምጣት ይችላል፤ ለኮጋ የሚመጣው በጣም ጥቂት ነው።

ትልቁ የስህተት ምንጭ አሃድ ነው። የአሥር ቀን ክፍሉ፣ ዲካድ የሚባለው፣ የሚሰጠው የአሥር ቀን ድምር ሳይሆን የቀን አማካይ ነው፤ በወርና በዓመት የሚቀርበው ደግሞ ድምር ነው። ፋይሉ ውስጥ ያለው ቁጥር በ0.1 መባዛት አለበት። ጥሬው ቁጥር 42 ከሆነ በቀን 4.2 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ከዚያ በክፍሉ ቀናት ይባዛል፤ ክፍሎቹ በፈረንጅ ወር 1፣ 11 እና 21 ላይ ስለሚጀምሩ ሦስተኛው ክፍል እንደ ወሩ 8፣ 9፣ 10 ወይም 11 ቀን ይኖረዋል። 4.2 በጃንዋሪ መጨረሻ ክፍል 46.2 ሚሊ ሜትር ሲሆን በ28 ቀኑ ፌብሩዋሪ መጨረሻ 33.6 ብቻ ነው። ሁሉንም በ10 የሚያባዛ ሰው ድምሩ ያን ያህል ላይራራቅ ይችላል፤ ወር ከወር ሲያወዳድር ግን የሌለ ለውጥ ያያል።

ኪውጂአይኤስ በፋይሉ ውስጥ የተጻፈውን 0.1 ራሱ አባዝቶ ያሳያል። ፓይተን ውስጥ ራስቴሪዮ በተባለው መሣሪያ ሲነበብ ግን ጥሬው ቁጥር ነው የሚመጣው። አንዱ ላይ አይቶ ሌላው ላይ የሚያሰላ ሰው ሁለቴ ያባዛል ወይም ጭራሽ አያባዛም። መመርመሪያው ቀላል ነው፦ የቀን ኢቲ ከ10 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ አላባዛችሁም፤ በደንብ በጠጣ ማሳ ላይ ከ1 በታች ከሆነ ሁለቴ አባዝታችኋል። መረጃ የሌለበት ፒክስል −9999 ተብሎ ተሞልቷል፤ እሱን ሳትሸፍኑ አማካይ ካወጣችሁ አንድ ፒክስል ብቻ ሙሉ ብሎኩን ያበላሻል። አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ በኬክሮስና ኬንትሮስ ዲግሪ ስለሆኑ ስፋት ከማስላታችሁ በፊት ወደ ሜትር ቀይሩ፤ በሜትር የሚሠራው የካርታ ሥርዓት ለኮጋ ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን ነው።

ለእኛ ብቻ የሚመጣ ችግር አለ፦ የመስኖ መዝገብ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። ስንዴ ኅዳር 20 ቀን 2017 ተዘርቶ መጋቢት 20 ተሰበሰበ እንበል። በፈረንጅ ከኖቬምበር 29 ቀን 2024 እስከ ማርች 29 ቀን 2025 ይሆናል፤ 121 ቀን። ከኖቬምበር መጨረሻ ክፍል 2 ቀን ብቻ፣ ቀጥሎ 11 ሙሉ ክፍሎች በ110 ቀን፣ ከማርች መጨረሻ ክፍል ደግሞ 9 ቀን ይወሰዳል። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ክፍል ሙሉ የሚደምር ሰው ሰብል ያልነበረባቸውን 8 ቀናት በኖቬምበር፣ 2 ቀናት በማርች ይጨምራል። ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ባለው ዓመት ቀኖቹ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ በአንድ ይገፋሉ፤ ለብዙ ዓመት የሚሠራ ሰንጠረዥ ይህን መያዝ አለበት።

የሁለተኛውን ስሪት መረጃ ከሦስተኛው ጋር አትቀጥሉ። የፒክስሉ መጠን ተለውጧል፤ የግብዓት ሳተላይቶቹም ተለውጠዋል። ከ2009 ጀምሮ ረጅም መስመር ለማግኘት ሲባል የሚገጣጠም ግራፍ በመጋጠሚያው ላይ የሚያሳየው ዝላይ ከመሬቱ የመጣ አይደለም።

ኮጋ ላይ ምን ያስገኛል?

የኮጋ መስኖ ሊያለማ የታቀደው 7,000 ሄክታር ገደማ ነው፤ ግድቡ 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይይዛል። አንድ ሚሊ ሜትር በአንድ ሄክታር ላይ 10 ሜትር ኩብ ነው። በአንድ ወቅት በእውነት የለማው 5,000 ሄክታር፣ የኢቲው አማካይ 400 ሚሊ ሜትር ቢሆን ሰብሉ የወሰደው 20 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይሆናል። ከግድቡ የተለቀቀው 45 ሚሊዮን ነበር ብንል ሰብል ላይ የደረሰው 44 በመቶ ነው። በወቅቱ የጣለ ዝናብ ካለ አስቀድሞ ከኢቲው ይቀነሳል፤ ዋፖር ላይ የሚገኘው ዝናብ ቺርፕስ የተባለው የሳተላይት የዝናብ ግምት ሲሆን ፒክስሉ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በአካባቢው የዝናብ መለኪያ ካለ ያን አስቀድሙ። የቀረውን 56 በመቶ «ባከነ» ለማለት አትቸኩሉ። ከቦይና ከማሳ የሰረገው የተወሰነው ወደ ኮጋ ወንዝ ተመልሶ በግልገል ዓባይ በኩል ጣና ይገባል። ለገበሬው ቀርቶበታል፤ ለተፋሰሱ ግን አልጠፋም። ሁለቱን ሳይለዩ የሚጻፍ ሪፖርት ቦይን በሲሚንቶ ስለማልበስ የተሳሳተ ውሳኔ ያስወስናል።

ከድምሩ ይልቅ ጠቃሚው የአከፋፈሉ ምርመራ ነው። በአንድ ብሎክ ውስጥ ያሉ ፒክስሎች የወቅት ኢቲ አማካይና ስታንዳርድ ዲቪዬሽን (ቁጥሮቹ ከአማካዩ የሚራራቁበት መጠን) ይወጣል፤ ሁለተኛው ለመጀመሪያው ሲካፈል የልዩነቱን መጠን ይሰጣል። አማካይ 380፣ ዲቪዬሽን 57 ቢሆን 15 በመቶ ነው። በዋፖር ሥራ ላይ የተለመደው መመዘኛ ከ10 በመቶ በታችን ጥሩ፣ ከ10 እስከ 25ን መካከለኛ፣ ከዚያ በላይን ደካማ ይላል። ፒክስሎቹን ከቦዩ አፍ ባላቸው ርቀት ደርድራችሁ ስትሥሉ ኢቲው ወደ ጭራው እየወረደ ከሄደ የታች ገበሬዎች የሚያሰሙት አቤቱታ በቁጥር ቆመ ማለት ነው። ለውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር ስብሰባ ከዚህ ግራፍ የተሻለ ማስረጃ ማምጣት ያስቸግራል፤ ዋፖርን ከሁሉ በላይ የምናከብረውም ለዚህ ነው።

ይህ የሚሠራው ግን በአንድ ዓይነት ሰብልና በተቀራራቢ የዘር ቀን ላይ ብቻ ነው። ዋፖር ሰብሉ ስንዴ ይሁን ድንች አይነግርም። በኅዳር መጀመሪያ የተዘራ ድንችና በታኅሣሥ መጨረሻ የተዘራ በቆሎ በአንድ ብሎክ ውስጥ ካሉ 30 በመቶ ልዩነት ብታዩ የውሃ አከፋፈል ጉድለት አይደለም። የሰብል ካርታ ያስፈልጋል። ካርታው ከሌለ የልማት ጣቢያ ሠራተኞች በየሦስተኛ ቦዩ የመዘገቡትን የሰብል ዝርዝር ተጠቅሞ አንድ ሰብል የበዛባቸውን ቦዮች ብቻ ማወዳደር ይቻላል።

ባሕር ዛፍም ራሱን ችሎ መለየት አለበት። ሥሩ ጥልቅ ስለሆነ ቦዩ ቢዘጋም አረንጓዴና ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆያል፤ በኮጋ ዙሪያ ደግሞ በብዛት አለ። በወሰናችሁት ብሎክ ውስጥ ከገባ አማካዩን ወደ ላይ ይስባል፣ ለመስኖውም ያልሠራውን ሥራ ያስቆጥርለታል። መለያው ቀላል ነው፦ በሚያዝያ መጨረሻ፣ ሰብሉ ከተሰበሰበ በኋላ፣ አረንጓዴነቱ ያልወረደውን ፒክስል ሁሉ አውጡ።

ሰብሉ የሚበቃውን ውሃ አግኝቶ እንደሆነ ለማወቅ ኤኢቲአይ ለሰብሉ ሙሉ ፍላጎት ይካፈላል። ፍላጎቱ የማጣቀሻ ኢቲ (ውሃ ያልጎደለበት አጭር ሣር የሚያተነው) በሰብል መለኪያ ተባዝቶ ነው፤ ፋኦ እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው ሠንጠረዥ መሠረት በመካከለኛው ዕድገት ለስንዴና ለድንች 1.15፣ ለበቆሎ 1.20፣ ለሽንኩርት 1.05። የዋፖር ማጣቀሻ ኢቲ ፒክስል ግን በአሥራዎች ኪሎ ሜትር ስለሚቆጠር ሜዳውንና ተራራውን አንድ ላይ ያማክላል። በአቅራቢያ የሜትዎሮሎጂ ጣቢያ ካለ ከራሱ መረጃ ማስላት ይሻላል። ሌላው አማራጭ ከሰብሉ ፒክስሎች መካከል የ95ኛውን ፐርሰንታይል ኢቲ (ከመቶ ፒክስል 95ቱ የማያልፉትን) እንደ ሙሉ ፍላጎት መውሰድ ነው፤ ሁሉም ማሳ የተጠማበት ዓመት ላይ ግን ይህ ዘዴ ችግሩን ይሸፍነዋል። ኤኢቲአይ ከማጣቀሻው በ1.3 እጥፍ በላይ ሆኖ ከአንድ ክፍል በላይ ከዘለቀ ቁጥሩን አትመኑ፤ አብዛኛውን ጊዜ ክፍት ውሃ፣ የተሳሳተ ወሰን ወይም ያልተባዛ ፋይል ነው።

በቅጠል የወጣውን ለጠቅላላው በማካፈል የሚገኘው ድርሻ ያጓጓል፤ ውሃው ለሰብል ዋለ ወይስ ከአፈር ላይ ተነነ የሚለውን የሚመልስ ይመስላል። ክፍፍሉ ግን የተሠራው በቅጠል ስፋት ላይ በተመሠረተ ቀመር ነው፣ ማንም በቀጥታ አልለካውም። ከዓመት ዓመት ያለውን አካሄድ ለማየት ይሆናል፤ በራሱ እንደ ልኬት አይጠቀስም።

የምርት ግምቱን በአጭሩ። ኤንፒፒ የተባለው፣ ተክሉ የገነባውን ካርቦን የሚያሳየው ንብርብር ጥሬ ቁጥር በ0.001 ተባዝቶ በካሬ ሜትር በቀን የካርቦን ግራም ይሆናል። የወቅቱ ድምር በ22.222 ሲባዛ በሄክታር የደረቅ ቁስ ኪሎ ግራም ይሰጣል። ድምሩ 500 ከሆነ 11,111 ኪሎ ነው፤ ከመሬት በላይ ያለው 0.8፣ የፍሬው ድርሻ 0.4፣ የፍሬው እርጥበት 12 በመቶ ቢወሰድ 40 ኩንታል ስንዴ ይወጣል። እነዚህ መለኪያዎች ከዝርያ ዝርያ ስለሚለያዩ ከአካባቢው የምርምር ማዕከል ውጤት መውሰድ ይገባል። በቆሎና ሸንኮራ አገዳ ብርሃንን ከስንዴ በተሻለ ስለሚጠቀሙ ሳይታረሙ ከቀሩ ምርታቸው አንሶ ይወጣል።

ሌሎቹስ?

የናሳ የኢቲ መረጃ፣ ሞድ16፣ በ500 ሜትርና በ8 ቀን ይወጣል፤ ለማውረድም ቀላል ነው። የገጽ ሙቀትን ስለማይጠቀም ግን የውሃ እጥረትን የሚገምተው ከአየሩ ድርቀት ነው። በደረቅ አየር መካከል በመስኖ የለመለመ ማሳ ለእሱ የተጠማ ይመስለዋል፤ ስለዚህ በአዋሽ ዓይነት ቦታ አሳንሶ ይሰጣል። ለመስኖ አንመክረውም።

የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ተመራማሪ ገብርኤል ሰናይ እ.ኤ.አ. በ2013 ያቀረቡት የኢቲ ሞዴል፣ ኤስኤስኢቦፕ፣ ሙቀትን ማዕከል ያደርጋል። ቀደም ባሉት ሴባልና ሜትሪክ በተባሉ የሙቀት ዘዴዎች ላይ አንድ ባለሙያ ምስሉ ውስጥ ገብቶ እጅግ ሞቃቱንና እጅግ ቀዝቃዛውን ፒክስል መምረጥ ነበረበት፤ ሁለት ባለሙያ ከአንድ ምስል ሁለት መልስ ያወጣ ነበር። ኤስኤስኢቦፕ በሞቃቱና በቀዝቃዛው መካከል ያለውን የሙቀት ልዩነት ለየቦታው አስቀድሞ በማስላት ይህን ምርጫ አስቀርቷል። ለድርቅ ክትትልና ለአገር አቀፍ ካርታ ጥሩ ነው፤ ከአፈርና ከቅጠል የወጣውን ግን አይለይም። በ30 ሜትር ስድስት ሞዴሎችን የሚያጣምረው ኦፕንኢቲ ደግሞ የአሜሪካን መሬት የሚሸፍን ስለሆነ ለእኛ አይደርስም።

ዋፖርን ለመፈተሽ የምንመክረው ላንድሳት 8 እና 9 የተባሉትን የአሜሪካ ሳተላይቶች ነው። የሙቀት መሣሪያቸው 100 ሜትር ስለሆነ ከቪርስ ይልቅ ማሳውን ቀርቦ ያያል፤ ሁለቱ ተደምረው በየ8 ቀኑ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ያልፋሉ፣ ደመናም ያን ሰዓት ያነሰ ነው። ኢቲ ማስላት ሳያስፈልግ የገጽ ሙቀቱ ብቻ ይበቃል። ጥሬው ቁጥር በ0.00341802 ተባዝቶ 149 ሲደመርበት ኬልቪን ይሆናል፤ 45,000 ማለት 302.8 ኬልቪን፣ 29.7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። በከፍታ የሚለያዩ ብሎኮች ካሉ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ታርሞ ይወዳደራል። በአንድ ጥርት ያለ ቀን የኮጋን ብሎኮች ከቀዝቃዛው ወደ ሞቃቱ ደርድሩ፤ በዚያው ዲካድ ዋፖር የሰጣቸውን ኢቲ ደግሞ ከከፍተኛው ወደ ዝቅተኛው። ሁለቱ ተራዎች በአብዛኛው መስማማት አለባቸው። በዋፖር ከፍ ብሎ በላንድሳት የሞቀ ብሎክ ካገኛችሁ አረንጓዴ ሆኖ የተጠማ ሊሆን ይችላል፤ አፈሩን በመቆፈሪያ 30 እና 60 ሴንቲ ሜትር ላይ አውጥቶ በእጅ ማየት የሚገባው እዚያ ብሎክ ላይ ነው፣ ከሚቀጥለው የውሃ ተራ በፊት።